አራስ ቤት የገባችው ዶሮ

ባን ናሳይ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1984

ለወንድሜ ልጅ ለሴንግዳኦ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ሠላሳ ሁለቱ ነፍሶችሽ ከባከኑበት ሁሉ ተሰብስበው ገላሽ ውስጥ ይቀመጡ። በዚያ ብርድ አገር አንዷ እንኳ ወደኋላ ቀርታ እንዳትንከራተት በየማለዳው ወደ ወንዙ ዞሬ እጠራልሻለሁ። እኔ ከጉልበቴ ሕመምና ካንቺ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ።

መኸሩ ገብቷል። ጭጋጉ ዘንድሮ እስከ ረፋድ አይነሣም፤ ጀልባ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው የቀዛፊው ባርኔጣ ብቻ ነው፣ ሰውዬው በኋላ ይመጣል። አሳማችን ወፍሮ ወፍሮ መነሣት አቅቶታል። ወፍጮ ቤቱ ከተከፈተ ወዲህ የሩዙ ፉርሽካ ሁሉ የእሱ ነው። ከመሄድሽ በፊት ስብሰባ ላይ ቆመሽ ስለ ወፍጮው የተናገርሽውን ሴቶቹ እስከ ዛሬ ያነሡታል። «ሴንግዳኦ እግራችንን አሳረፈችልን» ይላሉ። አንቺና ቡዋፋን እየተሳሳቃችሁ ትረግጡት የነበረው የእግር ሙቀጫ ከቤቱ ወለል ሥር፣ በምሰሶዎቹ መካከል ተጋድሞ ዶሮ ይሰፍርበታል። ሩዛችን አሁን ለዓይን እስኪያሳሳ ድረስ ነጭ ነው።

ዋናውን ነገር እስካሁን የሸሸሁት አውቄ ነው። ልጄ ቡዋፋን ነፍሰ ጡር ናት። ከኤፕሪሉ የአዲስ ዓመት ውሃ መራጨት በኋላ ትወልዳለች። ደስ ብሎኝ ነው የምጽፍልሽ እንዳልል እፈራለሁ። ከዚህ በፊት የሆነውን ታውቂያለሽ። ሁለቱም ልጆቿ ሁለተኛ ወራቸውን ጨርሰው ሦስተኛውን ሳይጨርሱ ሄዱ። ጡት ይጠባሉ፣ ሰውነታቸው ሞልቷል፣ እንዲያውም አብጧል፤ ከዚያ ድምፃቸው ይጠፋል። አፋቸውን ከፍተው ያለቅሳሉ፣ እንባው ይወርዳል፣ ምንም አይሰማም። የመንደሩን አራስ ሁሉ የማስተኛው እኔ ሆኜ የገዛ ልጄን ልጆች ማቆየት አቃተኝ። የወንዙ መንፈስ ድምፅ ይሰበስባል ይላሉ።

ባለፈው ከምሳ በኋላ ሸለብ ሲያደርገኝ አየኋቸው። ከወንዙ ማዶ አሸዋው ላይ ቁጭ ብለው አፋቸውን ይከፍታሉ። ውሃው ይጮሃል፣ የእነሱ ድምፅ ግን አይሰማም። «ምን ፈለጋችሁ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ስነቃ አፌ ደርቆ ነበር።

ገንዘብ አልጠይቅሽም፤ ተማሪ ነሽ። እዚያ አገር የሕፃን ድምፅ የሚጠብቅ ክታብም ይሁን መድኃኒት ካለ ግን ላኪልኝ።

አክስትሽ ኦንቻን


ፕሎቭዲቭ፣ ጃንዋሪ 4 ቀን 1985

እናቴ ስትሞት እናት ለሆኑኝ ለእማማ ኦንቻን፣

እጄን ደረቴ ላይ አጣጥፌ፣ ራሴን ዝቅ አድርጌ ሰላም እላለሁ። ስመጣ ያሰሩልኝ የእጅ ክር ሳሙና በልቶት ቢሳሳም አልተበጠሰም። ጉልበትዎን ይማርልኝ።

ደብዳቤዎ ሁለት ወር ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ደረሰኝ። በረዶ ጥሏል። ከመስኮቴ ሆኜ ሳየው የተፈተገ ሩዝ ከሰማይ የሚፈስ ይመስለኛል፤ ጓደኛዬ ቡልጋሪያዊቷ «እናንተ ሰዎች ሁሉም ነገር ሩዝ ነው የሚመስላችሁ» ብላ ሳቀችብኝ።

የምንማረው ስለ ምግብ ነው። ይህን ስጽፍ ሲስቁ ይታየኛል፤ ምግብ ለመማር ይህን ያህል አገር ማቋረጥ! ግን ይስሙኝ። መምህራችን ሰሌዳው ላይ የሰው ገላ ይሥልና የየክፍሉን ጠባቂ ያሳየናል። ኃይል ሰጪው ሩዝና ስብ ነው። ገንቢው ሥጋ፣ እንቁላል፣ ባቄላ ነው። ካልሲየም አጥንትን ይጠብቃል፣ ብረት ደምን፣ አንዱ ቫይታሚን ዓይንን፣ ሌላው ድድን። ሌሎቹ ተማሪዎች ይጽፋሉ፤ እኔ ሠላሳ ሁለት ይሞሉ ይሆን እያልኩ እቆጥራለሁ። እርስዎ ክር ሲያስሩ እየጠሩ የሚያስገቧቸው ነፍሶች ናቸው እንጂ ሌላ ምን ናቸው? እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ምግብ ይፈልጋሉ። ያጣው ትቶ ይሄዳል።

እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ቡዋፋን አራስ ስትሆን የምትበላው ምንድን ነው? ለስንት ቀን? ትንሽ ነው ብለው ሳይንቁ አንድም ሳይቀር ይጻፉልኝ።

ትናንት ሕልም አየሁ። መንደራችንን በረዶ ሸፍኖታል፣ ሰው የለም፤ ከበረዶው ሥር የእግር ሙቀጫችን ድምፅ ይሰማል። በእጄ እቆፍራለሁ። ድምፁ ይርቃል እንጂ አይቀርብም።

ሴንግዳኦ


ባን ናሳይ፣ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1985

ለሴንግዳኦ፣

ነፍሶችሽ ይሰብሰቡ፣ ጤና ይስጥሽ።

ክታብ ለምኜሽ ጥያቄ ላክሽልኝ። እኛ ተማሪ ብለን ነበር የሸኘንሽ፣ ለካ መርማሪ ሆነሻል! ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም የሚባለው እውነት ነው። የአራስ ነገር የጠፋሽ ይመስል ትጠይቂኛለሽ? ከእሳቱ አጠገብ ትተኛለች፣ ሙቅ ውሃ ትጠጣለች፣ በእንፋሎት የበሰለ ሩዝ በጨው ትበላለች፣ ዝንጅብል አለ። ሌላው ሁሉ ካላም ነው፣ ለአራስ ክልክል። ዓሣው፣ እንቁላሉ፣ አሳማው፣ ባቄላው፣ ቅጠላ ቅጠሉ፣ ሁሉም። አንዷ እናት የተከለከለ በልታ ልጇን እንደ ገደለች ስንሰማ ነው ያደግነው።

ለመጀመሪያው ልጅ ቡዋፋን ሠላሳ ቀን ጠበቀች። አልበቃም ብዬ ለሁለተኛው ስድሳ አደረግሁት። ለዚህኛው መቶ ቀን ወስኛለሁ። መቶ ቀን ነጭ ሩዝና ጨው፣ አንዲት ቅጠል አታልፍም። እሷም «እሺ እማ፣ ብቻ ይኑርልኝ» ብላለች። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?

እኔ አምስት ወልጄ አምስቱም አድገዋል፤ በዚሁ እሳት፣ በዚሁ ሩዝ፣ በዚሁ ጨው። እጄን አታስተምሪኝ።

ወሬ አትላኪልኝ። መድኃኒት ካለ እሱን ላኪልኝ።

ኦንቻን


ፕሎቭዲቭ፣ ማርች 30 ቀን 1985

ለእማማ ኦንቻን፣

ሰላምታዬ ከእግርዎ ሥር ይሁን፣ ዛሬ ይበልጥ ዝቅ ብዬ።

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀድጃለሁ። መቶ ቀን የሚለውን ሳነብ ወንበሩ ላይ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ውጭ ወጥቼ እስኪደክመኝ ሄድኩ። የወንዙ ዳር ዛፎች ማበብ ጀምረዋል። እኔ ግን የምሄደው እርስዎ ባዩት አሸዋ ላይ ነበር።

ገላ ምድጃ ነው እንበል። ሩዝ እንጨት ነው። እንጨቱን ቢከምሩት ያለ መለኮሻ አይነድም። የሩዟ መለኮሻ ከገለባው ሥር በምትለብሳት ቀጭን ቡናማ ልብስ ውስጥ ናት፤ እዚህ ቫይታሚን ቢ አንድ ይሏታል፣ እኛ አገር ፉርሽካ ብለን ለአሳማ እንሰጣታለን። ወፍጮው ልብሷን ገፎ ራቁቷን ይሰጠናል፣ ነጭ ናት ብለን ደስ ይለናል። በእንቁላልም፣ በባቄላም፣ በአሳማ ሥጋም ውስጥ አለች፤ እነሱ ደግሞ ለአራስ ክልክል ናቸው። እናትየው ካላገኘቻት ወተቷ ውስጥም የለችም። ልጅ ጡት ጠግቦ እሳቱ አይያያዝለትም። መጀመሪያ የሚከስመው ድምፅ ነው። ቀጥሎ ልብ ነው።

መጽሐፋችን ውስጥ ስለ ዶሮዎች ተጽፏል። የተፈተገ ነጭ ሩዝ ብቻ ሲበሉ ከርመው አንገታቸው ወደኋላ ዞሮ፣ እግራቸው ተሳስሮ ወደቁ። ፉርሽካ ሲሰጧቸው ተነሥተው ሄዱ። ያ ገጽ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘጋሁት። ለእርስዎ ያንን ጥያቄ የጻፍኩት በማግስቱ ነበር፤ ምክንያቱን መጻፍ ፈራሁ።

እማማ፣ እርስዎ አምስቱን ያሳደጉት በዚሁ ሩዝ አይደለም። ያኔ ሩዙን የምንወቅጠው በእግራችን ነበር፤ ልብሷ ሙሉ በሙሉ አይገፈፍም፣ ትንሽ ቡናማነት ይቀራት ነበር። እሳቱም ካላሙም ያኔም ነበሩ። ከሁለቱ ልጆች በፊት የተለወጠው ወፍጮው ብቻ ነው። ወፍጮውን ያመጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ስብሰባ ላይ ተነሥቼ የቀባጠርኩት እኔ ነኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው የተተረተው። የቡዋፋን እግር ይረፍ ብዬ ነበር።

እሳቱን አልነካብዎትም። ክሩን፣ ዝንጅብሉን፣ ሙቅ ውሃውን ሁሉ ያድርጉ። ብቻ ፉርሽካውን አፍልተው አጥልለው ያጠጧት፣ እንቁላልና ባቄላ ያብሏት። እንክብሎችም በጥቅል ልኬያለሁ። ይድረስ አይድረስ አላውቅም።

ይቅር የማይባል ነገር ከጻፍኩ ይቅር ይበሉኝ።

ሴንግዳኦ


ባን ናሳይ፣ ሜይ 14 ቀን 1985

ለሴንግዳኦ፣

ቡዋፋን ኤፕሪል 20 ቀን ሴት ልጅ ወልዳለች። ጸጉሯ እስከ ግንባሯ ነው። ስትወለድ ያሰማችው ጩኸት ጀልባ ያስቆማል። ስም አላወጣንላትም፤ አልቸኮልንም።

ጥቅልሽ አልደረሰም።

ደብዳቤሽ ደርሷል። «ሁለቱን በእጅዎ ገደሏቸው» ብለሽ አልጻፍሽም፤ እኔ ግን አንብቤዋለሁ። ወረቀቱን እሳቱ ላይ ላደርገው ብዬ የአራስ እሳት ነው፣ ክፉ ነገር አይነድበትም ብዬ ተውኩት። በደሉን ወደ ራስሽ ማዞርሽም አላታለለኝም። ወፍጮውን አንቺ አመጣሽው፣ መቶ ቀኑን ግን ማን ወሰነው?

ለማንኛውም እኔ ዶሮ አይደለሁም፣ ልጄም ዶሮ አይደለችም። ይህን ለራሴ ላሳይ ብዬ ቀይዋን ዶሮዬን ከቤቱ ሥር ቅርጫት ደፍቼባታለሁ። ከወፍጮ የመጣ ነጭ ሩዝ በእንፋሎት አብስዬ፣ ጨው ነስንሼ እሰጣታለሁ፣ ሌላ ምንም የለም። ትሎቹን እንዳትለቅም መሬቱ ላይ ምንጣፍ አንጥፌባታለሁ። ጎረቤቴ አሮጊቷ ሲዳ ትናንት ቆማ አየችን።

«ኦንቻን፣ ዶሮሽ መቼ ወለደች?»

«አርፈሽ ሂጂ።»

«አይ፣ አራስ ከሆነች እሳቱን ቀረብ አድርጊላት እንጂ! ክሩስ? እግሯ ላይ ልሰርላት?»

መንደሩ ሁሉ ይሥቅብኛል። ሳምንት ሆናት፣ ዶሮዋ ደህና ናት፣ ትበላለች፣ ትጮሃለች። ላንቺ መጻፍ ውሃ መውቀጥ ነው። ግን አየሽ፣ መድኃኒት ለምኜሽ ነበር፤ አሁን የምለምንሽ ሌላ ነው። ተሳስቻለሁ ብለሽ ጻፊልኝ።

ኦንቻን


ፕሎቭዲቭ፣ ጁን 25 ቀን 1985

ለእማማ ኦንቻን፣

ሰላምታ የምደረድርበት አቅም የለኝም፣ ይማሩኝ።

ደብዳቤዎ ትናንት ገባ። ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። እርስዎ ሲጽፉ ሕፃኗ ገና ወሯ አልሞላም ነበር። ዛሬ ሁለት ወር አልፏታል። ይህ ወረቀት ሲደርስዎ ሦስት ወር ያልፋታል፣ ወይም…

ተሳስቻለሁ ብዬ ብጽፍልዎ እንዴት ደስ ባለኝ። ብዕሩን አንሥቼ ሞከርኩ። «ተ» ብዬ ጀምሬ አቆምኩ። እማማ፣ አልተሳሳትኩም። ይጥሉኝ፣ ይርገሙኝ፣ ከቤትዎ ስሜን ያጥፉ፣ ብቻ ፉርሽካውን ይስጧት።

ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ ያን ሕልም መልሼ አየሁት። በረዶው ቀልጧል። ሙቀጫው ቆሟል፣ ማንም አይረግጠውም። ጸጥ ሲል ይበልጥ አስፈራኝ።

ሴንግዳኦ


ባን ናሳይ፣ ጁላይ 3 ቀን 1985

ለልጄ ለሴንግዳኦ፣

ነፍሶችሽ ዛሬ እንደ ፍጥርጥራቸው ይሰብሰቡ፣ እኔ ሥራ ይዣለሁ። ካንቺ መልስ አልመጣልኝም፤ ሳልጠብቅ ልጻፍልሽ።

ዶሮዋ በሃያ አራተኛው ቀን ወደቀች። ጠዋት ሩዟን ይዤ ስወርድ በጎኗ ተኝታ አንገቷ ወደኋላ ታጥፏል፣ እንደ ጻፍሽው። ዓይኗ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ምንቃሯን ትከፍታለች፣ የሚወጣ ድምፅ የለም። ሴንግዳኦ፣ ያን አፍ አውቀዋለሁ። ሁለት ጊዜ ጭኔ ላይ አይቼዋለሁ። መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ።

ከላይ ቡዋፋን በቀርከሃው ወለል ቀዳዳ ታየን ኖሯል። ያን ሰሞን ሕፃኗ ድምፅዋ ሻከር ብሎ ነበር። እኔ ከእሳቱ ጢስ ነው እል ነበር፤ ልቤ ግን ሌላ ይላል።

«እማ» አለችኝ ከላይ።

«አቤት።»

«ያቺ ዶሮ ስትበላ የከረመችው የእኔን ምግብ አይደለም?»

አንቺ ከዚያ ማዶ በሁለት ደብዳቤ የዞርሽበትን ነገር እሷ ከአራስ አልጋዋ ላይ ሆና በአንድ ቃል ጨረሰችው።

ተነሣሁ። አሳማው ገንዳ ላይ የፈሰሰውን ትቼ አዲሱን ፉርሽካ ከጆንያው ዘገንኩ፣ አፈላሁ፣ በነጠላ ጨርቅ አጠለልኩ። በመጀመሪያ ለዶሮዋ በላባ ጫፍ አጠጣኋት፤ በዶሮ ሞከርሽው እንዳትዪኝ፣ የእጄ ማለማመጃ ነው የሆነችኝ። ከዚያ ወደ ላይ ወጣሁ። ቡዋፋን ሳህኑን ከእጄ ነጥቃ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው። «ምን ምን ይላል?» አልኳት። «አሳማ አሳማ» አለችኝና ሳቀች፤ ስትሥቅ ሳያት ስንት ዘመኔ ነው! እንቁላል ቀቀልኩላት። ባቄላ ሰጠኋት። ለሕፃኗ ከውሃው በጣቴ እየነከርኩ ምላሷ ላይ አደረግሁላት። የመንደሩን አራስ ሁሉ ካላም ያስጠበቅሁ ሴት፣ በአርባኛው ቀን በገዛ እጄ አፈረስኩት። መብረቅ ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። የመታኝ የለም።

ዶሮዋ በማግስቱ ቀትር ላይ ቆመች። እየተንገዳገደች ሄዳ የሲዳን የእህል ስጥ ወረረችው። ሲዳ ዱላ ይዛ ስታባርራት «ተያት፣ አራስ ናት!» አልኳት። ከዚያን ቀን ወዲህ ሲዳ የወለደች የልጅ ልጇን ሳይቀር ፉርሽካ ታጠጣለች። ወፍጮ ቤቱም ሄደን ሩዙን ደግሞ ደጋግሞ እንዳይፈትገው ሰውዬውን ተጣላነው። እኔ ግን እሱንም አላመንኩም። የእግር ሙቀጫውን ከዶሮ ኩስ አጥቤ አቁሜዋለሁ። በስድሳ አንድ ዓመቴ ጠዋት ጠዋት እረግጣለሁ። ጉልበቴ ይጮሃል፣ ይጩህ። አሳማው ከስቷል፣ በክፉ ዓይን ያየኛል።

ሕልም ትጽፊልኛለሽና እኔም ልጻፍልሽ። ትናንት ረፋድ ላይ ሙቀጫው ላይ እንደቆምኩ ዓይኔ ተከደነ መሰለኝ። ሁለቱ ማዶ አሸዋው ላይ ነበሩ። ዛሬ አፋቸውን አልከፈቱም። ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ወደ እኛ ቤት ያዳምጣሉ። ስማቸውን እስከ ዛሬ አንቺም አልጻፍሽ፣ እኔም አልጻፍኩ። ካምላ እና ቩንግ ነበሩ። ካምላ እግሩ ሰፊ ነበር፣ ቩንግ ስትጠባ ጆሮዬን ትይዘኝ ነበር። እኔ ነኝ ያጣኋቸው፣ አውቄ ሳይሆን ስለወደድኳቸው። ወፍጮውን ላንቺ ብቻ አልተውልሽም፤ መቶ ቀኑም የእኔ ነው። ሁለታችንም እንሸከመው፣ ለአንድ ሰው ከባድ ነው።

ከእንግዲህ የምለምንሽ የለም። ክታቡም ይቅር፣ እንክብሉም ይቅር። ተምረሽ ስትጨርሺ ነይና እነዚያን ሠላሳ ሁለቱን ከነምግባቸው ለሴቶቹ ቁጠሪላቸው፣ እኔ ደግሞ ክሩን አስራለሁ።

ሕፃኗን ሴንግ ብለናታል፣ ካንቺ ስም ቆርሰን። ድምፅዋ በአራተኛው ቀን መለስ አለ፣ በሳምንቱ ሙሉ ሆነ፣ አሁን ወር ሙሉ በጩኸት አላሳረፈችንም። ይህን ስጽፍልሽ እያለቀሰች ነው፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ጠግባለች፣ ጨርቋ ደረቅ ነው፣ ዝም ብላ ነው። አባቷ ቶንግዲ ሊያነሣት ሲል ገሠጽኩት። ሲዳ ከታች «ኧረ ያቺን ልጅ አንድ በሏት፣ ጆሯችን ደነቆረ!» ትላለች። ደብዳቤዬን ጨርሼ እስካጥፈው ድረስ ማንም እንዳያባብላት ከልክያለሁ።

አክስትሽ ኦንቻን